ሆዱ ለሚታወክ ውሻ ምግብ መምረጥና መቀየር፦ የንጽጽር መመሪያ

የውሻ ሆድ ሲበላሽ ብዙ ባለቤት በመጀመሪያ የሚያስበው ምግቡን ስለመለወጥ ነው። የነበረው ደረቅ ምግብ ይቆምና ሩዝ በዶሮ ይቀቀላል፤ ሰገራው ጠንከር ሲል የቀድሞው ምግብ በአንድ ጊዜ ይመለሳል፤ ተቅማጡ ሲያገረሽ ደግሞ «ለሆድ ይስማማል» የተባለ ሌላ ከረጢት ከሱቅ ይገዛል፤ በዚህ ላይ ቤተሰቡ እያዘነለት ከማዕድ ጥቂት ጥቂት ይጨምርለታል። በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ዓይነት ምግብ የቀመሰን ውሻ የትኛው እንደጎዳው፣ የትኛውስ እንደረዳው ባለቤቱም ሆነ ሐኪሙ ሊለዩ አይችሉም።

ይህ መመሪያ በአዲስ አበባና በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ውሻ ለሚያሳድጉ ሰዎች የተጻፈ ነው። በውጭ አገር የሚጻፉ ምክሮች የሚነሱት ማንኛውም የሕክምና ምግብ በፈለጉት ጊዜ ይገኛል ከሚል ግምት ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ዛሬ በመደርደሪያ ላይ የታየው ከረጢት በሚቀጥለው ወር ላይኖር ይችላል፤ የቤቱ ማዕድ ከጾም ወደ ፍስክ ሲሻገር የውሻውም ምግብ አብሮ ይገለበጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች በተቀመጡት መመዘኛዎች ውስጥ የመጀመሪያውን ቦታ የያዘው የምግቡ ጥራት ሳይሆን ሳይቋረጥ የመገኘቱ ጉዳይ ነው።

ምግብ ከመለወጥ በፊት መለየት ያለበት

ተቅማጥ ሁሉ የምግብ ጉዳይ አይደለም። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ቢያስታውክ፣ ቢደክምና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ቢይዘው በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የፓርቮ ቫይረስ ነው፤ እንዲህ ያለውን ቡችላ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ይገባል እንጂ ሩዝ እየቀቀሉ መጠበቅ አይገባም። ደረቱ ጥልቅ የሆነ ትልቅ ውሻ ሆዱ ተነፍቶ ለማስመለስ እየታገለ ምንም የማይወጣው ከሆነ ጨጓራው ተጠማዝዞ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በሰዓታት ውስጥ የሚገድል አደጋ ነው። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ የጠጣውን ውሃ እንኳ መልሶ ማውጣት፣ የድድ መድረቅና ግልጽ ክሳትም የምግብ ምርጫ የሚፈታቸው ምልክቶች አይደሉም።

ከእነዚህ ውጭ ያለው ውሻም ቢሆን አዲስ ምግብ ከመገዛቱ በፊት ሰገራው ቢመረመር ይመረጣል። መንጠቆ ትል፣ ወስፋትና ጃርዲያ የተባለው በዓይን የማይታይ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ምግብ ያልተስማማው ውሻ የሚያሳየውን ምልክት በሙሉ ሊያሳዩ ይችላሉ። ጃርዲያ በየቀኑ ከሰገራ ጋር ስለማይወጣ በአንድ ናሙና አለመታየቱ የለም ማለት አይደለም፤ በተለያዩ ቀናት የተወሰዱ ሦስት ናሙናዎች የተሻለ መልስ ይሰጣሉ።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ችግሩ ከትንሹ አንጀት ነው ወይስ ከትልቁ የሚለው ነው፤ መልሱ የምግቡን ዓይነት ስለሚወስን ሰገራውን ለጥቂት ቀናት በጥንቃቄ መመልከት ያስፈልጋል። ውሻው በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ፣ ነገር ግን በብዛት የሚወጣ ቀጭን ሰገራ ካለው፣ እየበላም የሚከሳ ከሆነና ሆዱ የሚጮህ ከሆነ ወደ ትንሹ አንጀት ያመለክታል። በአንጻሩ ቶሎ ቶሎ እየወጣ ጥቂት ጥቂት የሚጥል፣ የሚያምጥ፣ በሰገራው ላይ ንፍጥ ወይም ጥቂት ቀይ ደም የሚታይበት፣ ክብደቱ ግን ያልቀነሰ ውሻ ችግሩ በትልቁ አንጀት ላይ መሆኑ ያመዝናል። የመጀመሪያው ውሻ በቀላሉ የሚፈጭና ስቡ ያነሰ ምግብ ይሻለዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ አሰር (ፋይበር) ሲጨመርለት ይሻለዋል።

የቆይታ ጊዜውም ይታያል። ድንገት የመጣ ቀላል ተቅማጥ በአብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሄዳል። ከሦስት ሳምንት በላይ የዘለቀ ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ ከሆነ ግን ሥር የሰደደ ይባላል። ሌላ በሽታ ካልተገኘባቸውና ተቅማጣቸው ሥር ከሰደደ ውሾች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት በምግብ ለውጥ ብቻ እንደሚሻሻሉ ይታወቃል፤ ትዕግሥት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የሚመዘኑባቸው ነጥቦች

ሳይቋረጥ መገኘት። ወጥ ሆኖ የሚቀጥል መካከለኛ ምግብ፣ እየመጣ ከሚጠፋ ምርጥ ምግብ ይልቅ ለታመመ አንጀት ይሻላል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ያመጣው አንድ ከረጢት ሲያልቅ ውሻው በግድ ሌላ ለውጥ ይጠብቀዋል፤ ያ ምግብ እዚህ እንደማይገኝ ከታወቀ ባይጀመር ይመረጣል።

ስብ። ለሆድ ችግር ይህ መመዘኛ ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ነው። ብዙ ስብ ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም፤ በደንብ ሳይዋጥ ወደ ታችኛው አንጀት ሲደርስ ተቅማጥን ያባብሳል፤ የቆሽት መቆጣት ላለበት ውሻ ደግሞ አደገኛ ነው። ችግሩ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር እንዳለ ሲነበብ የሚያሳስት መሆኑ ነው። በአንድ የታሸገ እርጥብ ምግብ ቆርቆሮ ላይ ስብ 6 በመቶ፣ እርጥበት 78 በመቶ ተብሎ ቢጻፍ፣ በአንድ ደረቅ ምግብ ከረጢት ላይ ደግሞ ስብ 14 በመቶ፣ እርጥበት 10 በመቶ ተብሎ ቢጻፍ፣ ስቡ ያነሰው ቆርቆሮው ይመስላል። ውሃው ተቀንሶ ሲሰላ ግን የቆርቆሮው ደረቅ ክፍል 22 በመቶ ብቻ ስለሆነ 6ን ለ0.22 ማካፈል 27 በመቶ ገደማ ይሰጣል፤ የከረጢቱ ደረቅ ክፍል 90 በመቶ ስለሆነ 14ን ለ0.90 ማካፈል 16 በመቶ ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ቆርቆሮው ከከረጢቱ እጅግ የበለጠ ስብ አለው ማለት ነው። ለቆሽት ሕመም የሚዘጋጁ አነስተኛ ስብ ያላቸው የሕክምና ምግቦች በዚህ ስሌት በአብዛኛው ከ10 በመቶ በታች ናቸው።

የፕሮቲን ምንጭ። በውሾች ላይ የምግብ አለርጂ በብዛት የሚያስከትሉት የበሬ ሥጋ፣ የወተት ተዋጽኦ፣ ዶሮና ስንዴ ናቸው። እነዚህ በራሳቸው መጥፎ ሆነው ሳይሆን ውሾች አዘውትረው የሚበሏቸው በመሆናቸው ነው፤ ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ይህ ውሻ እስካሁን ምን ምን በልቷል የሚለው ነው።

ምሉዕነት። ምግቡ ለወራት የሚሰጥ ከሆነ ካልሲየም፣ ዚንክ፣ አዮዲንና ቫይታሚኖች በልኩ ሊኖሩት ይገባል። ለአራት ቀን ከሆነ ይህ መመዘኛ ብዙም አያሳስብም፤ ለቡችላ ግን በማንኛውም ጊዜ ያሳስባል። ቀሪዎቹ መመዘኛዎች፣ ማለትም የመፈጨት ቅለት፣ የአሰር መጠን፣ ንጽሕናና ወጪ፣ ከየአማራጩ ጋር ይታያሉ።

ከማዕድ የተረፈ ምግብ

ወጪ የለውም፤ ሁልጊዜም ይገኛል። ሆኖም ሆዱ ለሚታወክ ውሻ ከቀረቡት አማራጮች ሁሉ የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም «ትርፍራፊ» የሚባለው አንድ ምግብ ሳይሆን በየቀኑ የሚለዋወጥ ምግብ ነው። ረቡዕና ዓርብ ሽሮና ምስር፣ በሌሎቹ ቀናት ወጥና ቅቤ የሚቀርብለት ውሻ በሳምንት ብዙ ጊዜ ምግብ ይቀይራል። በዐቢይ ጾም ለ55 ቀናት የእንስሳት ስብ ሳይቀምስ የከረመ አንጀት በፋሲካ ማግስት ጮማ፣ ቅቤ የነካው እንጀራና የዶሮ አጥንት ሲቀርብለት የሚከተለው ማስታወክና ተቅማጥ ሊያስገርም አይገባም፤ በአንዳንዱም ላይ የቆሽት መቆጣት ያስነሣል።

ሁለተኛው ምክንያት ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይሰብራል፤ መቀቀልም ሆነ መጥበስ ይህን ጉዳት አያስቀርም። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት የሚታይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል፤ ለ10 ኪሎ ውሻ ይህ 150 ግራም፣ ማለትም አንድ ትልቅ ራስ ሽንኩርት መሆኑ ነው። ቁሌቱ በሽንኩርት የተሠራ ወጥ የነካውን እንጀራ በየቀኑ የሚበላ ውሻ በአንድ ቀን ብዙ ባይወስድም ጉዳቱ ሊጠራቀም ይችላል። ሽሮ ያለ ቁሌት ቢሠራም ነጻ አይደለም፤ በርበሬውና የሽሮ ዱቄቱ ሲዘጋጁ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አብሮ ይገባል። ባዶ እንጀራ መርዝ የለበትም፤ ያልተጋገረ ሊጥ ግን በጨጓራ ውስጥ መቡካቱን ስለሚቀጥል ከውሻ መራቅ አለበት። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ሊወጋ ይችላል፤ ወተትም ቢሆን ብዙ አዋቂ ውሾች ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር በደንብ ስለማይፈጩት ለተቅማጥ ይዳርጋል።

ከሥጋ ቤት የሚገዛ ሳንባ፣ ጨጓራና ጉበት

በብዙ ግቢ ጠባቂ ውሾች የሚያድጉት በዚህ ነው። ከትርፍራፊ የሚሻለው ወጥ ማድረግ ስለሚቻል ነው፤ ሳንባ ስቡ አነስተኛ ስለሆነ ከሩዝ ጋር በደንብ ከተቀቀለ ብዙ ውሾች ይችሉታል። ጉበት ግን ከጥቂት በላይ ሲሆን ሰገራን ያላላል፤ ብዛቱ ለረጅም ጊዜ ከቀጠለ ደግሞ የቫይታሚን ኤ መብዛት ያስከትላል። ጨጓራና አንጀት ላይ የተጣበቀው ሞራ ካልተወገደ የስቡ መጠን ከተባለው በላይ ይወጣል።

ጥሬውን መስጠት ፈጽሞ ተገቢ አይደለም፤ ይህን አጥብቄ የምለው ስለ ውሻው ብቻ አይደለም። በበግ፣ በፍየል፣ በከብትና በግመል ሳንባና ጉበት ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ይታያሉ፤ እነዚህ ኢኪኖኮከስ ግራኑሎሰስ የተባለው የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል እጮች ናቸው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ ውሻው ግን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ይመስላል። ከሰገራው ጋር የሚወጣው እንቁላል በእጅ፣ በውሃ ወይም በአትክልት ወደ ሰው አፍ ሲገባ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ተመሳሳይ ከረጢት ይፈጥራል፤ ከውሻ ጋር የሚጫወቱ ልጆች ደግሞ በተለይ ተጋላጭ ናቸው። ሳንባው ተቆራርጦ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ በሚፈላ ውሃ ሊበስል ይገባል፤ ከረጢት የታየበት ክፍል ይወገዳል እንጂ ለውሻ አይጣልም፤ ከዚህ ቀደም ጥሬ የበላ ውሻም ሐኪም በሚያዘው መጠን ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት መውሰድ ይኖርበታል።

በቤት የተቀቀለ ሩዝና ዶሮ

ድንገት ለመጣ ተቅማጥ ይህ ጥሩ ምርጫ ነው፤ በልክ ሲዘጋጅ በቀላሉ ይፈጫል፤ ስቡም ትንሽ ነው። ቆዳውና አጥንቱ የወጣለት የዶሮ ደረት ያለ ጨው፣ ያለ ዘይትና ያለ ሽንኩርት ይቀቀላል፤ ሩዙ ለሰው ከሚበስለው በላይ እስኪልም ይበስላል፤ ከበሰሉ በኋላ ሁለት እጅ ሩዝ ከአንድ እጅ ዶሮ ጋር ይቀላቀላል። 20 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ ውሻ በቀን ወደ 1000 ካሎሪ የሚያስፈልገው ሲሆን፣ ይህ ከቅልቅሉ 700 ግራም ያህል ነው፤ በአራት ተከፍሎ በየጥቂት ሰዓቱ ቢሰጥ አንጀቱን አያጨናንቀውም። ውሻን ለ24 ሰዓት ማስጾም የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ የማያስታውክ ውሻ ቶሎ ጥቂት ጥቂት ቢበላ አንጀቱ በተሻለ ሁኔታ ያገግማል፤ ቡችላ ደግሞ በፍጹም መጾም የለበትም።

ይህ ቅልቅል ከሦስት እስከ አምስት ቀን ነው የሚያገለግለው። ውሻው ስለወደደውና ሰገራው ስላማረ ብቻ ለወራት የሚቀጥሉበት ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ካልሲየም፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ አዮዲን፣ ቫይታሚን ዲና ኢ በበቂ መጠን የሉትም። የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቶ መጨመር ካልሲየሙን ሊያሟላ ይችላል፤ ሌሎቹን ግን አይሞላም። በሚያድግ ቡችላ ላይ ጉድለቱ በአጥንቱ መጣመምና መሰበር ይገለጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች 200 የቤት ውስጥ የውሻ ምግብ አሠራሮችን ሲመረምሩ 95 በመቶ በሚሆኑት ውስጥ ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ጎድሎ አግኝተዋል፤ የተመረመሩት ደግሞ በመጻሕፍትና በኢንተርኔት የታተሙ አሠራሮች ነበሩ። ስለዚህ በቤት ማብሰልን እንደ ቋሚ መንገድ የመረጠ ሰው አሠራሩን በእንስሳት ሐኪም ማስወሰንና የሚጨመረውን የማዕድንና የቫይታሚን ዱቄት ማግኘቱን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት።

በቤት ማብሰል በአንድ ነገር ግን ከሱቅ ምግብ ሁሉ ይበልጣል። ዶሮና የበሬ ሥጋ ለተጠረጠረበት ውሻ አዲስ የፕሮቲን ምንጭ ሲያስፈልግ በሌላ አገር በውድ የሚሸጠውን ልዩ ከረጢት ከመፈለግ ይልቅ፣ እዚህ የፍየል ሥጋ ወይም ዓሣ በየገበያው ይገኛል። ውሻው ከዚህ በፊት ፍየል ቀምሶ የማያውቅ ከሆነ፣ ቀይ የፍየል ሥጋ ከድንች ጋር ተቀቅሎ ለሙከራ ይሰጣል። በዐቢይ ጾም ብዙ ሥጋ ቤቶች ስለሚዘጉ ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ሥጋውን በዕለት መጠን ከፋፍሎ በማቀዝቀዣ ማኖር፣ ወይም በጾም ከሚሠራ የሙስሊም ሥጋ ቤት ጋር መስማማት ይጠቅማል።

መደበኛ ደረቅ ምግብ

ለአብዛኛው ውሻ ቋሚ መፍትሔው ይህ ነው፤ ምክንያቱም በየቀኑ አንድ ዓይነት ነው፤ ይመዘናል፤ ምሉዕም ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» ያልኩት ማሸጊያው ላይ ምግቡ «ኮምፕሊት» መሆኑና ለየትኛው ዕድሜ እንደተዘጋጀ የሚገልጽ ቃል መፈለግ ስላለበት ነው፤ «ኮምፕሌመንታሪ» የሚል ከሆነ ማሟያ እንጂ ብቻውን የሚበላ አይደለም። ከተከፈተ ከረጢት በኪሎ እየተመዘነ የሚሸጠው ዋጋው ቢቀንስም ለሆድ ሕመምተኛ አይመከርም፤ ስቡ አየርና ሙቀት ሲያገኘው ይበላሻል፤ የማብቂያ ቀኑም ሆነ የይዘት ጽሑፉ ከገዢው ጋር አይሄድም።

«ለስስ ሆድ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው መደበኛ ምግቦችም በዚሁ ምድብ ናቸው። ቃሉ ብቻውን ዋስትና ስላልሆነ የስቡን ስሌትና የፕሮቲን ምንጩን ከጀርባው ማንበብ ያስፈልጋል፤ በፊት ለፊቱ «በግ» ተብሎ በይዘቱ ውስጥ ዶሮ ያለበት ብዙ ነው። «ግሬን ፍሪ» የሚባሉት ጥራጥሬ የሌለባቸው ምግቦች በሆድ ችግር ላይ የተለየ ጥቅም የላቸውም፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አተርና ምስር የበዛባቸው እንዲህ ያሉ ምግቦች ከልብ ጡንቻ ሕመም ጋር ግንኙነት ይኖራቸው እንደሆነ ሲመረምር ቆይቷል።

የታሸገ እርጥብ ምግብ

የምግብ ፍላጎቱ ለቀነሰና ውሃ በደንብ ለማይጠጣ ውሻ ይረዳል፤ ጥርስ ላጣ ሽማግሌ ውሻም እንዲሁ። ነገር ግን ውድ ነው፤ ስቡም ከላይ እንደታየው ብዙ ጊዜ ከፍተኛ ነው። የተከፈተ ቆርቆሮ በማቀዝቀዣ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ብቻ ስለሚቆይ መብራት በሚጠፋበት ቤት ትንንሹን መግዛት ይመረጣል።

የሕክምና ምግቦች

በእነዚህ መካከል ያለው ልዩነት ከስማቸው በላይ ነው። በቀላሉ የሚፈጨውና ስቡ የተቀነሰው ለትንሹ አንጀትና ለቆሽት ችግር ይሆናል። አሰር የተጨመረበት ለትልቁ አንጀት ይሆናል፤ ይህን ሲያጡ ያለ ቅመም የተቀቀለ ዱባ ከተለመደው ምግብ ጋር ጥቂት ማንኪያ መቀላቀል ለመጀመር በቂ ነው። ሦስተኛው ፕሮቲኑ እስከ ጥቃቅን ድረስ የተሰባበረ፣ ሃይድሮላይዝድ የሚባለው ሲሆን፣ የሰውነት መከላከያ ፕሮቲኑን እንዳያውቀው ተደርጎ ለአለርጂ ተጠርጣሪ ውሻ የተሠራ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎች እነዚህን የሚገዙት በእንስሳት ሐኪም ፈቃድ ነው፤ እዚህ ደግሞ ሐኪሙ ያዘዘው ምግብ በከተማው ውስጥ ምን ያህል ከረጢት እንዳለና መቼ እንደሚገባ ሳይጠየቅ መጀመር አይገባም። የጀርመን እረኛ ዝርያ ውሻ እየበላ ከከሳና ሰገራው ብዛትና ቅባት ካለው የቆሽት ኢንዛይም እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ከምግብ ጋር የሚቀላቀል ኢንዛይም ነው፤ ያለዚያ የትኛውም ከረጢት አይረዳውም።

| አማራጭ | ሳይቋረጥ መገኘት | የመፈጨት ቅለት | ስብ | ምሉዕነት | ወጪ | መቼ ይመረጣል |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ከማዕድ የተረፈ | አለ፣ ግን በየቀኑ ይለያያል | ዝቅተኛ | የማይታወቅ | የለውም | የለም | አይመረጥም |
| የተቀቀለ ሳንባ በሩዝ | በጾም ይቸግራል | መካከለኛ | ሞራው ከወጣ ዝቅተኛ | ጎዶሎ | ዝቅተኛ | በጀት ሲጠብ፣ ከደረቅ ምግብ ጋር |
| ሩዝና ዶሮ | ጥሩ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | ጎዶሎ | መካከለኛ | ለ3–5 ቀን |
| ፍየል በድንች | በጾም ይቸግራል | ጥሩ | መካከለኛ | ጎዶሎ | ከፍ ያለ | ለአለርጂ ሙከራ |
| መደበኛ ደረቅ ምግብ | እንደ አስመጪው | መካከለኛ እስከ ጥሩ | መካከለኛ | አለው | መካከለኛ | ለዘለቄታው |
| የታሸገ እርጥብ | እንደ አስመጪው | ጥሩ | ብዙ ጊዜ ከፍተኛ | አንዳንዱ | ከፍተኛ | የምግብ ፍላጎቱ ለቀነሰ |
| የሕክምና ምግብ | አስተማማኝ አይደለም | ከፍተኛ | እንደ ዓይነቱ | አለው | በጣም ከፍተኛ | በሐኪም ትእዛዝ |

ምግቡን እንዴት መቀየር ይገባል

ድንገተኛ ተቅማጥ ለያዘው ውሻ ወደ ሩዝና ዶሮ የሚደረገው ሽግግር ወዲያው ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ሽግግር ሁሉ፣ ከሩዝና ዶሮ ወደ ቋሚ ምግብ መመለስን ጨምሮ፣ ቀስ በቀስ ነው። ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ቀን አንድ አራተኛው አዲስ ይሆናል፤ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ግማሹ፤ ከሰባተኛው እስከ ዘጠነኛው ሦስት አራተኛው፤ በአሥረኛው ቀን ሙሉው። ስስ ሆድ ላለው ውሻ እያንዳንዱን ደረጃ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ማራዘም አይጎዳም። መለኪያው ኩባያ ሳይሆን የወጥ ቤት ሚዛን ቢሆን ይመረጣል፤ ለዚያው 20 ኪሎ ውሻ 280 ግራም ገደማ የሆነው የቀን ደረቅ ምግብ በኩባያ ሲሰፈር በቀላሉ ወደ 350 ግራም ያድጋል፤ ከመጠን በላይ መብላት ደግሞ ብቻውን ሰገራን ያላላል።

በመካከል ሰገራው ቢለሰልስ ወደ ቀደመው ደረጃ መመለስና ለሁለት ወይም ሦስት ቀን እዚያው መቆየት ነው እንጂ ሦስተኛ ምግብ ማስገባት አይደለም። ሙሉ በሙሉ ከተሸጋገረ በኋላ ደግሞ ምግቡ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሊፈተን ይገባል። የአለርጂ ሙከራ ከሆነ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሌላ ምንም አይቀመስም፤ መድኃኒት የሚደበቅበት ዳቦም፣ በልጆች እጅ የሚሰጥ ብስኩትም፣ ዘበኛው በደግነት የሚያካፍሉት ምሳም ይቆማል። ሙከራው የሚፈርሰው ብዙውን ጊዜ በዚህ ስለሆነ፣ የግቢው ሰው ሁሉ ምክንያቱን ተረድቶ እንዲስማማ ጊዜ ወስዶ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ለሽልማት የሚሆነው ከራሱ የዕለት ምግብ ላይ የተቀነሰ ጥቂት ፍሬ ነው። ውሻው ከተሻለው በኋላ የቀድሞው ፕሮቲን ለጥቂት ቀናት ተመልሶ ሲሰጥ ችግሩ ካገረሸ ጥርጣሬው ተረጋግጧል።

በማስታወሻ ደብተር ላይ የቀኑን ምግብ በግራም፣ የሰገራውን ቁጥርና መልክ፣ ማስታወክ መኖር አለመኖሩንና በየሳምንቱ ክብደቱን መጻፍ ለሐኪሙ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጥ ይጠቅመዋል። ከፋርማሲ ለሰው የሚሸጠውን ሜትሮኒዳዞል የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በራስ ፈቃድ መስጠት ግን መቅረት አለበት፤ ጠቃሚዎቹን የአንጀት ባክቴሪያዎች ስለሚጎዳ የምግብ ሙከራውንም ውጤት ያዛባል።

በፍላጎትና በአቅም

በጀቱ ጠባብ ለሆነና ሁለት ሦስት ጠባቂ ውሾች ላሉት ቤት፣ መደበኛ ደረቅ ምግብ የዕለቱን ግማሽ ቢሸፍንና የቀረው ሞራው የወጣለት የተቀቀለ ሳንባ በሩዝ ቢሆን፣ በየቀኑም መጠኑ ባይለወጥ፣ ከትርፍራፊ እጅግ ይሻላል። መካከለኛ አቅም ላለው ሰው በከተማው ከሁለት በላይ ሱቆች የሚገኝ፣ በደረቅ ስሌት ስቡ ከ15 በመቶ የማይበልጥ ምሉዕ ደረቅ ምግብ መምረጥና በዚያ መጽናት የተሻለው መንገድ ነው። ለቡችላ በማንኛውም አቅም ለቡችላ የተዘጋጀ ምሉዕ ምግብ ቅድሚያ ይሰጠዋል። የሕክምና ምግብ አቅም ያለው ሰውም ቢሆን ምግቡ የማይቋረጥበትን መንገድ እስኪያገኝ ድረስ በፍየልና በድንች ሙከራ ቢጀምር ገንዘቡንም ጊዜውንም ያተርፋል። ተቅማጡ ከሦስት ሳምንት በላይ ለዘለቀ ውሻ በቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ሩቅ አይደለም።

የትኛውም ምግብ ቢመረጥ፣ ከረጢቱ ውስጥ የሁለት ሳምንት ምግብ ሲቀር ሌላ መግዛት ያስፈልጋል። ያው ምግብ ከገበያ የጠፋ እንደሆነ ምትክ ለመፈለግ አራት ቀን ይተርፋል፤ የቀረው የአሥር ቀን ምግብ ደግሞ ቀስ በቀስ ለመሸጋገር ይበቃል።